አያቴ እንኳን ልትጭነው ትችላለች

አያቲቱ እኔ ነኝ። አስቀድሞ የጠየቀኝ የለም እንጂ ቢጠይቁኝ ኖሮ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አልገባላቸውም ነበር።

የልጅ ልጄ ኬልሲ ምድር ቤቴ ውስጥ ትኖራለች። ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው ግድግዳ ጀርባ፣ ባሌ አርቪድ ነፍሱን ይማረውና የዓሣ መረቡን ይሰቅልበት በነበረው ክፍል፣ ኮምፒውተሮቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፣ አግብታለች፣ ፈታለች። የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ሁለት ሻንጣ ይዛ መጣችና "በረዶው እስኪቀልጥ ብቻ ነው ሙሞ" አለችኝ። እኛ ከፊንላንድ የመጣን ሰዎች አያትን ሙሞ እንላለን። በሰሜን ሚኒሶታ በረዶ የሚቀልጠው በግንቦት ነው። ቀለጠ። እንደገና ጣለ፣ እንደገና ቀለጠ። እሷ እዚያው ናት።

እኔም ጠዋት ጠዋት "መቼ ነው የምትሄጂው?" እላታለሁ። ሰው እንዴት አደርሽ እንደሚለው ማለት ነው። እሷም "በቅርቡ" ትለኛለች፣ ሰው ደህና ነኝ እንደሚለው። እንዲህ ተስማምተን ነበር የምንኖረው።

የምትሠራውን ነገር ላይብረሪ ይሉታል። ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች ከባዶ ከመድከም አንስተው በየራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ የሚሰኩት የተዘጋጀ የኮድ ቁራጭ ነው። ስሙን ኦቬት ብላዋለች፤ በአያቶቻችን ቋንቋ በሮች ማለት ነው። ኮምፒውተር ሁሉ ከሌላው ጋር የሚነጋገርባቸው በሮች አሉት አለችኝ፤ አንዱ በሽቦ፣ አንዱ በአየር። ኦቬት ይገባና ይጠይቃል፤ ስንት በር አለ፣ የትኛው ተከፍቷል፣ በየበሩ የተለጠፈው ቁጥር ስንት ነው። ያገኘውን ይናገራል፣ አለቀ። አንዱ በር ደግሞ ማሽኑ ከራሱ ጋር ብቻ የሚያወራበት ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። አርባ ዓመት የብረት ማዕድን ማውጫውን የሠራተኞች ልብስ መለወጫ ቤት ጠርጌአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ወንድ ስንቱን አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ በነጻ ነው የምትሰጠው። የወሰደው ሰው አያመሰግንም። የተቸገረው ግን ይጽፋል፦ "አልጫንልኝም፣ ዛሬውኑ አስተካክዪ!" ከማታውቀው ሰው፣ ስሟን በቅጡ ካልጻፈ ሰው። እሷ ደግሞ "ይቅርታ" ብላ ትመልሳለች። እኔ ብሆን ምን ብዬ እንደምመልስ ነግሬያታለሁ፤ አልጻፈችውም።

በዚህ ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ዱሉት ከተማ ካለ አንድ ድርጅት ደብዳቤ መጣላት። ለማዕድን ማውጫዎች መቆጣጠሪያ ሣጥን የሚሠሩ ናቸው፤ ኦቬትን ሦስት ዓመት በሣጥኖቻቸው ውስጥ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሐሙስ ቤትሽ እንመጣለን ይላሉ። አዲስ ኮምፒውተር ይዘን እንመጣና ማንም ሳያግዘን፣ አንቺ የጻፍሽውን የመጫኛ መመሪያ ብቻ እያየን እንጭነዋለን፤ ከዚያ በኋላ አንቺን ስለ መቅጠር እንወስናለን። በዚያው ሳምንት ማሪቤል የምትባል፣ ፊኒክስ ከተማ ያለች ጓደኛዋ በድርጅታችን ሥራ አገኘሁልሽ፣ አልጋም አንጥፌልሻለሁ፣ እስከ ዓርብ እሺ ወይም እምቢ በይ ብላታለች። ፊኒክስ አሪዞና ነው፤ በመኪና ሦስት ቀን።

ነገሩ ግልጽ ነው እንግዲህ። ዱሉቶቹ ከቀጠሯት እዚሁ ምድር ቤት ትቀራለች። ካልቀጠሯት ቅዳሜ መኪናዋን ጭና ትሄዳለች።

"መቼም የምታዝኚ አይመስለኝም" አለችኝ።

"እኔ? ሳውናዬን መልሼ አገኛለሁ እኮ!" አልኳት።

ያልኳት ይህንን ነው። ያሰብኩትን አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ ጠዋት የታጠበ ልብስ ተሸክሜ ወደ ታች ስወርድ በስልክ ከማሪቤል ጋር ታወራለች። መመሪያዋን እያነበበችላት ነበር። "ስሚማ መግቢያውን፣ 'መጫኑ እጅግ ቀላል ነው፤ አያቴ እንኳን ልትጭነው ትችላለች።'" ሁለቱም ሳቁ።

ደረጃው ላይ ቆምኩ። "የማን አያት ናት እሷ?"

ኬልሲ ስልኩን ዘጋች። "እንዴ ሙሞ! እንዲያው አባባል ነው። በኛ ሙያ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው።"

"ሁሉም ሰው ስለ እኔ ይጽፋል?"

"ስለ አንቺ አይደለም። ስለ አያት በጠቅላላው።"

"በጠቅላላው የሚባል አያት የለሽም። አንዷ ሞታለች፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ሳልገባ እናቴ ሞታ አምስት ሕፃን ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ሁለት መቶ አርባ የማዕድን ሠራተኛ ቦት ጫማና ቱታ የማን እንደሆነ ሳላምታታ የኖርኩ ሰው ነኝ። 'እንኳን' የምባል ሰው አይደለሁም።"

"እሺ፣ ይቅርታ። አጠፋዋለሁ።"

"ቆይ አታጥፊ። ለመሆኑ ነገሩን ጭነሽ አይተሽዋል?"

"መቶ ጊዜ።"

"የት?"

"በራሴ ኮምፒውተር ነዋ።"

"እኔስ ጭኜው አውቃለሁ?"

"አታውቂም፣ ግን…"

"ታዲያ ያላደረግሁትን ታደርጋለች ብለሽ ለዓለም ስትናገሪ ይሄ ምን ይባላል? በኔ ቤት ውሸት ይባላል። ነይ፣ ልጭነው።"

ሳቀች። ሁለት መስመር ብቻ እኮ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅብሽም አለችኝ። የሚጫንበት ማሽን ነበረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ዕጣ ላፕቶፕ ደርሶኝ ነበር፤ ካርቶኑን ሳልከፍት የአበባ ማሰሮ አስቀምጬበት ኖሬአለሁ። አበባውን አነሳሁ። ካርቶኑን ቀደድኩ። አዲስ ነው፤ የሰው እጅ አልነካውም።

"አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ" አልኳት። "ሐሙስም አትተነፍሺም። ከዛሬ ተለማመጂ።"

ፎጣ አንስታ በጥርሷ ያዘች።

መመሪያው "ተርሚናሉን ይክፈቱ" ብሎ ይጀምራል። ተርሚናል የሚባለው የት እንደሚገኝ አልጻፈም። ኬልሲን አየኋት፤ እሷ ጣሪያውን ታያለች። ሃያ ደቂቃ ፈለግሁ፣ አገኘሁት። ጥቁር መስኮት ነው፤ ምንም የማይል፣ ዓይኑን ብቻ የሚያርገበግብ። ቀጥሎ "የሚከተለውን ይጻፉ" ይላል። የሚከተለው መስመር ከራሱ ላይ የዶላር ምልክት አለው። እኔ ጻፊ የተባልኩትን የምጽፍ ሰው ነኝ። ከነዶላሩ ጻፍኩ። "እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም" አለኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ፊደል በፊደል ደገምኩት። አላውቅም አለኝ። ሦስተኛ ጻፍኩ፤ ሦስተኛ ካደኝ።

ኬልሲ ፎጣውን ተፋችው። "ኧረ ሙሞ! ዶላሩ አይጻፍም!"

"ታዲያ ለምን ጻፍሽው?"

"መስመሩ ከዚህ ይጀምራል ለማለት ነው። ልማድ ነው። የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።"

"የሙያው ሰው ካወቀው መመሪያውን የምትጽፊው ለማን ነው?"

ፎጣውን አንስታ መልሳ ነከሰችው። እኔም ዶላሩን አስቀርቼ ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ቀይ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። መስኮቱን ከላይ እስከ ታች ሞልቶ፣ ሞልቶ፣ መጨረሻ ላይ "አልተሳካም" ብሎ ቆመ። አሁንም እስቅብሻለሁ ብላ ስትጠጋ ፊቷ ነጣ። ጎንበስ ብላ አነበበች፣ ቀጥላም ሄዳ ሳውናው ውስጥ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

"ምን አጠፋሁ?" አልኳት።

"አንቺ አይደለሽም። ኦቬት ሲጫን መጀመሪያ እዚያው ማሽን ላይ ይገጣጠማል። የሚገጣጥመው ሌላ ፕሮግራም ነው። እኔ ጋ ከሰባት ዓመት በፊት ጭኜዋለሁ፣ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ስለዚህ እኔ ጋ ሁልጊዜ ይሠራል። አዲስ ማሽን ላይ ግን የለም።"

"ምድጃው ከነደደበት ቤት ቁጭ ብለሽ እሳት ማንደድ ቀላል ነው ስትዪ ኖረሻላ።"

"ሐሙስም ልክ እንደዚህ ይሆን ነበር፣ ሙሞ። ልክ እንደዚህ። እዚሁ እፊታቸው።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ሰው ሲያለቅስ አልወድም። "ተነሺ" አልኳት። "ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ገና ነው።"

ረቡዕን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ገጣጣሚ የማይፈልግ፣ እሷው ማሽን ላይ ተገጣጥሞ ያለቀ አንድ ፋይል አዘጋጀች። ጥቁር መስኮት የለ፣ የሚጻፍ ትእዛዝ የለ፤ አውርደሽ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ብቻ። ከዚያ የኔን ላፕቶፕ ከካርቶን እንደወጣ አድርጋ አጸዳችው፤ እኔ ተቀመጥኩ፣ መመሪያውን ከራሱ ጀምሬ አነበብኩ፣ ጫንኩ። እንደገና አጸዳችው፣ እንደገና ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ጊዜ። በየጊዜው አንድ ነገር አገኝላታለሁ። በአራተኛው ላይ የሚወርደው ፋይል ሁለት ነበር፣ ስማቸው በአንድ ቁጥር ብቻ የሚለይ፤ እኔ የተሳሳተውን አነሳሁ። አንዱን ደበቀችው። በሰባተኛው ላይ መስኮት ብቅ ብሎ "የት ላስቀምጠው?" አለኝ። "ምድር ቤት" ብዬ ጻፍኩ።

"ሙሞ! የኮምፒውተሩን ቦታ ነው እኮ የሚጠይቅሽ!"

"ኮምፒውተሩ ታዲያ የት ነው ያለው? ምድር ቤት አይደለም እንዴ?"

መሬት ላይ ተንከባለለች። ስቃ ስትጨርስ ግን ተነስታ አስተካከለችው፤ ሰው የፈለገውን ቢጽፍ፣ የማይረባ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ትክክለኛ ቦታውን ፈልጎ ይቀመጣል። በዘጠነኛው ላይ ተቻኩዬ አራት ጊዜ ጠቅ አደረግሁት፣ አራት ጊዜ ተጫነ። አራቴም ሆነ አርባ ጊዜ ጠቅ ቢያደርጉት አንዴ ብቻ እንዲጫን አደረገችው። ፓስቲ የምንለውን፣ የአጋዘን ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረበትን፣ ቆመን በላን፣ ፍርፋሪው የኮምፒውተሩ ፊደሎች መካከል ገባ፣ ተጯጯህን። ከአርቪድ ጋር ጀልባ ከሠራንበት በጋ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም። ይህንንም አልነገርኳትም።

አሥራ አንደኛው በአራት ደቂቃ አለቀ። እሷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ እኔ አንድ ጊዜ አልተሳሳትኩም።

"አሁን አያቲቱን አጥፊያት" አልኳት።

"አይ፣ አሁንማ እውነት ሆነ እኮ" አለችኝ። ተወቻት።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ መጡ። የድርጅቱ አለቃ ጊልዳ ፕሩዊት ትባላለች፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ በሥርዓት ያደገች ሴት ናት። አብሯት ያለው ኖላን የሚባል ኢንጂነር ነው። ሁለት ዲግሪ አለው፤ ከመቀመጡ በፊት ነገረን። ጫማውን አላወለቀም። ሄል የገባበት ጥምዝ ዳቦ ቆረስኩላቸው። ኬልሲ መመሪያውን በወረቀት አትማ ኖላን ፊት አስቀመጠችለትና ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው፣ እንዳያመልጧት።

ኖላን ወረቀቱን አነሳና የዳቦውን ሳህን አስቀመጠበት። "እኔ ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ጭኜዋለሁ" አለ። ጥቁሩን መስኮት ከፈተና የድሮውን ትእዛዝ በቃሉ ጻፈ። የድሮው ኦቬት መጣ። ቀይ ጽሑፍ ወረደ። እንደገና ጻፈ፣ እንደገና ወረደ። አንገቱ ራሱ እንደ ጽሑፉ ቀላ። ኬልሲ ወንበሩ ላይ ትወዛወዛለች፤ መናገር ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ከሳህኑ ሥር መዝዤ ፊቱ ላይ ልለጥፍለት እጄን አሳከከኝ። ግን ማንም እንዳያግዝ ተብሏል፤ እጄን ሰበሰብኩ።

"ትንሽ ውጭ እንነጋገር" አለችው ጊልዳ። ወደ ኋላ በረንዳ ወጡ። እኔ ሳህን ላጥብ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ማጠቢያዬ መስኮት ሥር ነው፣ መስኮቱም በረንዳው ላይ ነው። ጆሮዬ ደግሞ ከዓይኔ ይሻላል።

"እንዲህ ካስቸገረማ ምርጫ የለንም" ትላለች ጊልዳ። "ልጅቷን እንቀጥራታለን። ሺህ ሁለት መቶ ሣጥን ላይ ነው እኮ ያለው።"

"መመሪያውን በደንብ አላየሁትም" አለ ኖላን እያጉረመረመ። "ቀላል ነው ይላል። አያቴ እንኳን ምናምን የሚል ነገር አለበት።"

"ቀላል ከሆነ ደግሞ ለምን እንቀጥራታለን? ወስደን መሄድ ነው፣ በነጻ አይደል? አሮጊቷ ትሞክረው። እሷ ከቻለች የማንም እርዳታ አያስፈልገንም።"

ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። ውሃው ይፈሳል። ሁለት ቀን ሙሉ ነገሩን ቀላል ለማድረግ ነፍሳችን ወጣ። ከባድ ቢሆን ኖሮ ትቀጠር ነበር። ቀላል ስላደረገችው ቅዳሜ ትሄዳለች። ይህን ሒሳብ ስድስተኛ ክፍል ያስተምሩት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አልደረስኩበትም።

ገቡ። "ሚስስ ካርቮነን" አለችኝ ጊልዳ በአክብሮት፣ "እርስዎ ቢሞክሩትስ? ኬልሲ ሳታግዝዎ።"

ኬልሲ ፊቷ እንደ መብራት በራ። "ትችላለች! ሙሞ ነይ፣ ተቀመጪ!" ወንበር ሳበችልኝ፣ የማሽኑንም የኤሌክትሪክ ገመድ አጠገቤ ሰካችልኝ። ምን ልበላት? በሰው ፊት፣ እፊቷ ምን ልበላት?

ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ወሰንኩ። "አልቻልኩም" የሚለውን ቃል በሰማንያ ሁለት ዓመቴ ለቄስም ለሐኪምም ብዬ አላውቅም፣ ለዚህ ልጅ እግርማ አልለውም። ግን ሳልናገር መሳሳት እችላለሁ። ለመሳሳትማ ማን ይበልጠኛል? ትናንት ሙሉ ቀን ሠርቼበታለሁ።

መጀመሪያ የተሳሳተውን ፋይል ላነሳ ፈለግሁ። አንድ ብቻ ነው ያለው። ሌላውን ደብቃዋለች። እሺ ብዬ አራት ጊዜ፣ ኧረ ስድስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረግሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ተከፈተ። "የት ላስቀምጠው?" አለኝ። "ገሃነም" ብዬ ጻፍኩ። ኖላን ከኋላዬ ሳለ። ማሽኑ ምንም ቅር ሳይለው ትክክለኛ ቦታውን ፈልጎ ተቀመጠ። ዶላር ልጻፍ ብል የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት የለም። አረንጓዴው መስመር እየሞላ ይሄዳል። የማውቀውን ስህተት ሁሉ እኔው ራሴ ትናንት አንድ በአንድ አስጠፍቼው ነበር። በእግሬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ለካ ባትሪ አለው።

እንግዲህ የቀረኝ ቃሉ ነው። ዋጥኩት፣ ተመለሰ። ኬልሲን አየኋት፤ እጆቿ ከጭኗ ሥር ናቸው፣ ከንፈሯ ትናንት የሠራችውን እየቆጠረ ይንቀሳቀሳል። ይሁን አልኩ። አፌን ከፈትኩ። "አል…" ስል ማሽኑ እንደ ማንኪያ ድምፅ ኪል አለ። "ኦቬት ተጭኗል። ያሉት በሮች ሦስት ናቸው" ብሎ ዘረዘራቸው፤ በሽቦ ያለው ዝግ፣ በአየር ያለው ክፍት፣ ቁጥራቸው ይኸው፣ ሦስተኛው፣ ከራሱ ጋር የሚያወራው፣ እንደ ልማዱ ክፍት።

"አራት ደቂቃ!" አለች ጊልዳ። አጨበጨበች። "ድንቅ ነው!"

"አያት እንኳን" አለ ኖላን፣ ዳቦውን እያኘከ።

"አንተ ወረቀቱን አንብበኸው ቢሆን ኖሮ ማንበብ እንደምትችል እናይ ነበር" አልኩት። 

ጊልዳ የኬልሲን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። "እንዲህ ያለቀለት ሥራ አይቼ አላውቅም። ለሌላ ሰው የተረፈ ሥራ አልተውሽም፤ ለአንቺም ጭምር። በድረ ገጻችን ላይ ስምሽን ጠቅሰን እናመሰግንሻለን።" ከዚያ ጫማዋን አደረገች። ለመንገድ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ጠቀለልኩላት። ምን ላድርግ፣ እጄ ለምዶታል።

መኪናቸው ከግቢው እስኪወጣ ኬልሲ መስኮት ላይ ቆማ ነበር። ዞረች።

"ገሃነም?" አለችኝ።

"ምን?"

"'ገሃነም' ብለሽ ጻፍሽ። ስድስት ጊዜ ጠቅ አደረግሽ። ሶኬቱን በእግርሽ ስትነቅዪ አይቼሻለሁ፣ ሙሞ! ትናንት አንድም ሳትሳሳቺ ጭነሽዋል።"

"አርጅቻለሁ፣ ረሳሁት።"

"አንቺ? በአርባ ዓመት ማን የማንን ቦት ጫማ እንደወሰደ የምታስታውሺው? አውቀሽ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ መቼ ትሄጂያለሽ ስትዪኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ደግሞ እንድሄድልሽ ሥራዬን በሰው ፊት ልታበላሺ! ይህን ያህል ሰልችቼሻለሁ?"

"አንቺ ደደብ!" አልኳት። ጮህኩ። "እንድትቀሪ ነው!"

በእጄ ወደ በረንዳው አመለከትኳት።

"በረንዳ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። ካስቸገረን እንቀጥራታለን፣ ቀላል ከሆነ በነጻ ወስደን እንሄዳለን ነው ያሉት። እኔ ላስቸግራቸው ነበር። አንቺ ነሽ እምቢ ያልሺኝ፣ ያ የሠራሽው ነገር ነው እምቢ ያለኝ። መሳሳት እንኳን ከለከለኝ!"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ብሎ ያልወሰነ ሰው ፊት ነበራት። እኔም ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ።

"እና እንድቀር ትፈልጊያለሽ?" አለች ቀስ ብላ።

"አልኩሽ እኮ። ስንት ጊዜ ነው የሚባለው?"

"አንድ ጊዜ። አሁን ነው ያልሽው።" ዓይኗን በእጇ ጠረገች። "አሁን ግን ምን ዋጋ አለው? ዱሉቶቹ አልፈለጉኝም። ሥራ ያስፈልገኛል። ለማሪቤል እሺ ልበላት።"

"በያት" አልኩ። ምን ልል ነው? ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

"ማሪቤል፣ እሺ ብያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እነሳለሁ፣ ማክሰኞ እደርሳለሁ።"

"የት ነው የምትደርሺው?" አለች ማሪቤል።

"እናንተ ጋ። ፊኒክስ።"

"ለምን?"

"ለሥራው ነዋ!"

"ሥራው ፊኒክስ ነው ያለሽ ማነው? ከአሥራ አራታችን ሁለታችን ብቻ ነን እዚህ ያለነው። ሌላው ሁሉ በየቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው። እኔ አልጋ ያነጠፍኩልሽ፣ 'አያቴ በየቀኑ ውጪ ትለኛለች' ስትዪኝ አዝኜልሽ ነው። ታዲያ ምድር ቤቱን ልቀቂ ብላሻለች?"

ኬልሲ አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ውጭ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ነው የጎደለው። እሷ ማሪቤልን ብትጠይቅ፣ ወይም እኔን ብትጠይቅ፣ ወይም እኔ እሷን ብጠይቅ ይህ ሁሉ ሩጫ ባልኖረ። እኔስ ትምህርቴን አልጨረስኩም፣ ምክንያት አለኝ። የእሷ ምን ይባላል?